የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም

በ2017 ዓ.ም ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቅዳሜ በጠዋት የሚደውል ሰው ወይ የዕቁብ ዳኛ ነው፣ ወይ አያት ናት። እኔ ዕቁብ የለኝም።

«አቤት እምዬ!»

«አንተ የመስቀል ወፍ!»

በቃ። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ነህ ወይ የለ። ስድቧን አስቀምጣ ስልኩን ዘጋችው። (ሒሳብ ለመቆጠብ ነው እንዳልል ካርድ የምሞላላት እኔ ነኝ።)

የመስቀል ወፍ ማን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ፣ «አለሁ» ብሎ፣ ተመልሶ የሚጠፋ ሰው ነው። እምዬ ልክ ነበረች። ከዚያች ስልክ በፊት ያየኋት ጥቅምት ላይ ነው፤ መንደሩ ለልማት ተነሥቶ ዕቃዋን ከካዛንቺስ ወደ ከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ አቃቂ አቅጣጫ ጭነን ስንወስድ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆኖኛል። እኔ ከምከራይበት ቤት እስከ እሷ ኮንዶሚኒየም ሦስት ታክሲ ነው። ለአንድ ማኪያቶ ከዚያ የባሰ መንገድ የሄድኩባቸው ቀናት አሉ።

ከሌላ ሰው አፍ ቢመጣ «እሺ ይቅርታ» ብዬ አልፈው ነበር። ግን እምዬ አያቴ ብቻ አይደለችም። እናቴ ገና ድክ ድክ ስል ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄደች፤ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ሁለት እጄን ይዛ «ወፌ ቆመች!» ያለችልኝ አያቴ ናት። ያቆመችኝ ሴት ጠፋህ ስትለኝ መልስ የለኝም።

ቀኑን ሙሉ ስድቡ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ዋለ። ማታ ላይ ግን አንድ የማይረባ ጥያቄ ተከተለው። ቆይ… የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትሄደው?

*

ሰኞ ካፌ ውስጥ ጓደኞቼን ጠየቅኋቸው። አንዱ «አውሮፓ» አለ፣ በራሱ የተማመነ ሰው አነጋገር። ሌላዋ «ገጠር መሰለኝ» አለች። ሦስተኛው፣ የወሬያችን ሁሉ መዝጊያ የሆነው ልጅ፣ «ወፍ የለም!» ብሎ ሳቀ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ልብ በል። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ስንናገር አፋችን ወፍ ብቻ ነው። የፈለግነው ነገር ሲታጣ ወፍ የለም እንላለን። ላይ ላዩን ያየነውን ነገር ወፍ በረር ቅኝት እንለዋለን። በማለዳ መነሣታችንን ለማጋነን ወፍ ጭጭ ሳይል ተነሣሁ እንላለን። ልከነው የቀረብን ሰው የቁራ መልእክተኛ ነው፤ ያቺ ኖኅ ከመርከቡ ልኳት ያልተመለሰችው። ያ ሁሉ ወፍ እያለን ግን «በግቢያችሁ የምታዩአቸውን ወፎች በስም ጥሩ» ስላቸው አራት ሰዎች ተባብረው ያወጡት ዝርዝር ይህ ነው፦ ቁራ፣ ርግብ፣ አሞራ፣ እና «ያቺ ትንሿ»። አንዱ ዶሮን ጨምሮ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ አስወጣነው።

እኔም ከነሱ አልሻልም። አንዲት ወፍ በስም አውቃለሁ፤ እሷንም ያወቅኋት በጠላትነት ነው።

የካዛንቺሱ ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ ነበር። እምዬ ሙሽራ ሆና ስትገባ አግኝታዋለች። ጥዱ ላይ ጋጋኖዎች ያድሩ ነበር። ጋጋኖ ማለት ያች ረጅምና ወደታች የተቆለመመ ምንቃር ያላት፣ ከጉሮሮዋ ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለ፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ የሚታይባት ትልቅ ወፍ ናት። ስታርፍ ጨዋ ናት። ችግሩ ሲነጋ ነው። ልክ ሊነጋጋ ሲል አንዷ «ሃ!» ትላለች፤ ከዚያ ሁሉም ተከትለው፣ ሰፈሩ በሙሉ የተሳቀበት ይመስል «ሃ ሃ ሃ ሃ!» እያሉ በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ። የማትሪክ ፈተና ሌሊት አጥንቼ እንቅልፍ ሲወስደኝ የቀሰቀሱኝ እነሱ ናቸው። ድንጋይ ወርውሬባቸው እምዬ በነጠላዋ ጫፍ ገርፋኛለች። «እነሱ ናቸው የሚያነጉልን» ነበር ያለችኝ።

ያኔ ያላወቅሁት ነገር፣ ያቺ ድንጋይ የወረወርኩባት ወፍ በመላው ዓለም የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ነው። ወፍ አፍቃሪዎች እሷን ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ። እኔ ጣሪያዬ ላይ በነጻ ነበረችኝ፤ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጭኜ ነው ያሳለፍኳት።

ዕቃ ስንጭን ዕለት ጥዱ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። እምዬ ከፒካፑ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብላ ግንዱን ስታየው ቆየች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ጋጋኖዎቹ ማታ ሲመጡ የት ሊያድሩ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተናደድኩ። ሰው የስንት ዓመት ጎረቤቱን ተነጥቆ በየአቅጣጫው እየተበተነ አንቺ ስለ ወፍ ታወሪያለሽ? አላልኳትም፤ ግን ፊቴ ሳይነግራት አልቀረም። መንገዱን ሙሉ ዝም አለች።

የጥሩ ስልክ ሲመጣ ያስታወስኩት ያንን ዝምታ ነው። ጥያቄዋን መልሼላት አላውቅም።

*

እንግዲህ መልስ ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ከካፌ ይልቅ አረንጓዴ ነገር ወዳለበት መሄድ። ስልኬ ላይ መርሊን የሚባል፣ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስም የሚነግር አፕ ጫንኩ። የመጀመሪያ ቀን ያወቀልኝ ነገር ቢኖር ቁራ ነው። አመሰግናለሁ፣ ቁራስ ራሴም አውቃለሁ።

ግን የአዲስ አበባ ቁራ ራሱ ተራ ቁራ አይደለም። ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ቆብ የደፋ የሚመስለው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው ቁራ፣ በዓለም ላይ ካሉት የቁራ ዘመዶች ሁሉ ትልልቆቹ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ መኖሪያውም የእኛው ደጋ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምናያት ግራጫ ርግብስ? ጠጋ ብላችሁ ማጅራቷን እዩት። ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስለው እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ልጅ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት «ርግብ» እያልኩ ሳልፋት ከየት መጣሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳልወጣ ቆየሁ። (እምዬ ብትሰማ ደስ ይላታል፤ ምክንያቱን ግን አትንገሯት።) አሮጌ ጥድ፣ ወይራ፣ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ሾላው ውስጥ የሆነ ነገር ይንጫጫል፤ ቅጠሉ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ቅጠል አይደለም። አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው፣ የወንዶቹ ግንባር ቀይ። ካርቱሜ ውስጥ ወይም ሰው ቤት በሽቦ ጎጆ ውስጥ እንጂ በቀቀን አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ይበራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይበራል። እነሱም እንደዚያው የእኛ ብቻ ናቸው። የሾላ ፍሬና የጥድ ፍሬ ይበላሉ፤ የሚያድሩትና የሚፈለፍሉት ግን በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ቀዳዳ ያለው ዛፍ ለእኛ የታመመ ዛፍ ነው፣ «ይውደቅብን እንዴ?» ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ለበቀቀኗ ግን ቤት ማለት ያ ቀዳዳ ነው። አዲስ ችግኝ ብንተክል ጥሩ፤ ያ ችግኝ ቀዳዳ እስኪያወጣ ግን እኔም እሷም በሕይወት አንኖርም። በከተማችን የድሮ ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው ሰው ለመቁረጥ በሚፈራበት ቦታ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በኤምባሲ፣ በቤተ መንግሥት ግቢ። ወፎቹም ያንን ያውቃሉ።

አሁን «አዳዲሶቹን ፓርኮች ሊያማ ነው» የምትሉ አላችሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ለማማት ነበር የሄድኩት። ወዳጅነት ፓርክ ገብቼ የተላጨውን ሣርና የተደረደረውን ዘንባባ አይቼ «ይሄ ለፎቶ እንጂ ለወፍ አይሆንም» ብዬ ዓረፍተ ነገሬን አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ አየኋቸው። ሣሩ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ ጋጋኖ። እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደኋላ ያጣመሩ ይመስል ዝግ እያሉ ይራመዳሉ፤ ምንቃራቸውን እንደ መርፌ መሬቱ ውስጥ ይሰኩና ትል አውጥተው ይውጣሉ። አጭር ሣርና ርጥብ አፈር ለጋጋኖ የተነጠፈ ገበታ ነው። አንዱን «የት ነው የምታድረው?» ብዬ ልጠይቀው ቃጣኝ። ከካዛንቺስ እስከዚያ ለወፍ ምን አላት?

ስለዚህ ሐሜቴን ማስተካከል ነበረብኝ። የተላጨ ሣር ወፍ የለሽ አይደለም፤ ለጋጋኖ ይበጃል። ግን ሁሉም ወፍ ጋጋኖ አይደለም። ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የምትሠራው፣ ሣሩ አሽቶ ዘሩን ስትለቅም የምትውለው፣ አበባ ውስጥ ምላሷን የምትሰደው፣ እነዚህ ትንሽ የተዝረከረከ ነገር ይፈልጋሉ። ከተማ ደግሞ ዝርክርክ አይወድም።

*

የመስቀሏን ጥያቄ የፈታልኝ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ያገኘሁት አንድ ሰው ነው። ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ፣ አንገታቸው ላይ መነጽር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ። እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተው ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በወጣትነታቸው ወፍ ለማየት ይወጡ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ በስልኬ ዛፉን ሳስደምጠው አይተው ነው የቀረቡኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትሄደው?»

«የት ትሄዳለች? እዚሁ ናት።»

በአገጫቸው ወደ ሣሩ አመለከቱኝ። ደረቅ ሣር ውስጥ ዘር የሚለቅሙ፣ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ «ያቺ ትንሿ» ከምንላቸው ውስጥ እንኳ በጣም ተራ የሆኑ ወፎች ነበሩ። መነጽራቸውን ሰጡኝ። በመነጽርም ተራ ናቸው።

«ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አሁን ለይቼ ብነግርህ እዋሻለሁ» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ ራሱ ይነግርሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስቀል ወፍ የምንላት አንዲት ወፍ አይደለችም፤ እንደየአገሩ የተለያዩ ወፎች በዚህ ስም ይጠራሉ። አንዷ ጥቁር ሆና ጀርባዋና ትከሻዋ ላይ ልክ የአደይ አበባ የመሰለ ቢጫ ያላት ናት። ሌላዋ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ ረጅም ጅራት የምታስከትለው፣ ምንቃረ ቀይዋ ጥቁርና ነጭ ወፍ ናት። የሚያመሳስላቸው ነገር፣ ወንዶቹ ያንን ልብስ የሚለብሱት ለጋብቻ ወቅት ብቻ መሆኑ ነው። ክረምት ዘንቦ ሣሩ ሲያድግ፣ ዘርና ነፍሳት ሲበዛ ይሞሸራሉ፤ መስከረም ላይ ያብባሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ላባቸውን ይቀይሩና በአብዛኛው ሚስቶቻቸውን የሚመስሉ ቡናማ ወፎች ይሆናሉ። ሴቶቹማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናቸው። (ልብ በሉ፤ ስንት ዘመን «እሷ» እያልን የዘፈንላት እሱ ነው።) ዘር ፍለጋ ከሣር ሣር፣ ከማሳ ማሳ ይዘዋወሩ እንደሆነ እንጂ ባሕር አይሻገሩም።

ባሕር የሚሻገሩት ሌሎች ናቸው። መስከረም ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ፣ ጅራታቸውን ላይ ታች እያወዛወዙ ሣር ላይ የሚሮጡ ቢጫ ሆድ ወፎች አሉ። እነዚህ ያለ ቪዛ መጥተው በጋውን ከርመው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። እነሱን ግን ማንም የመስቀል ወፍ ብሎ አይሰድባቸውም። እንዲያውም ማንም አያያቸውም።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ባለ ረጅም ጅራቷ ወፍ ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን የሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ባለ ጎጆዋ ከራሷ ልጆች ጋር አብራ ታሳድገዋለች።

«የባለቤቷን ልጆች ገፍቶ ይጥላቸዋል?» አልኳቸው፤ ስለ አንዳንድ ወፎች እንዲህ ሲባል ሰምቼ ነበር።

«ይሄኛው እንኳ አይጥልም። አብሯቸው ያድጋል።»

በሰው ጎጆ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልገልጽም። መነጽራቸውን መለስኩላቸውና ወደ ታክሲ ተራ ሄድኩ።

*

መጋቢት ላይ ነው የሄድኩት። በዓል የለም፣ ለቅሶ የለም፣ የታመመ የለም። እምዬ በሩን ከፍታ ስታየኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ምን ሆንክ?» ነው። ያለ ምክንያት የሚመጣ ልጅ እንዳልነበርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቤቷ ምድር ቤት ነው። ከብሎኩ ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ማንም ያልነካው መሬት አለ፤ መሐሉን የጎርፍ ቦይ ያልፍበታል። እሷ እዚያ በርጩማዋን አውጥታ ስንዴ ትለቅም ነበር። ግርዱን ወደ ሣሩ በተነችው። ካዛንቺስም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ «ግርዱ የወፍ ድርሻ ነው» ትላለች። ወዲያው ከሣሩ ውስጥ ቡናማዎቹ ፈልሰው መጡ።

መጀመሪያ ስልኬን አውጥቼ ወዳጅነት ፓርክ የቀዳሁትን ድምፅ አሰማኋት። ሃ ሃ ሃ ሃ! እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ጋጋኖ!»

«ሣር አግኝተዋል። ደህና ናቸው።» የኛዎቹ ስለመሆናቸው መማል አልችልም ነበር፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

እንደገና አስደገመችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሳሰማት «ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ሰፈር ነው የቀየሩት» አለች። ከዚያ ስለ ጥዱ፣ ከጥዱ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን ስልክ እንደማያነሣ ማውራት ጀመረች። ጥቅምት ላይ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች። ለካ ፒካፑ ውስጥ ስለ ወፍ ስትጠይቀኝ ስለ ወፍ ብቻ አልነበረም የምታወራው። ያን ለማወቅ አምስት ወር ፈጀብኝ።

ቡና ከጠጣን በኋላ ግኝቴን ነገርኳት። «እምዬ፣ እነዚህ ቡናማዎቹ ውስጥ የመስቀል ወፍ አለ። የትም አይሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ልብሱን ስለሚቀይር ነው የማናውቀው።»

ወፎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እና ዝም ብለን ነዋ ስሟን ስናጠፋ የኖርነው?»

«ይመስላል።»

«ታዲያ አንተን ምን እንበልህ?»

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ የሚሆን መልስ ካለህ ላክልኝ። ሦስት ታክሲ ሙሉ የመጣሁት ራሴን ነጻ ላወጣ ነበር፤ ነጻ የወጣችው ወፏ ብቻ ናት።

*

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ነሐሴ መጣ።

በነሐሴ ከብሎኩ ጀርባ ያለው ሣር ወገብ ደረሰ። እኔ ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀምሬያለሁ፤ እና አንድ ቅዳሜ አየሁት። ጥቁር፣ ትከሻው ቢጫ፣ ላባውን ነፍቶ ከሣሩ በላይ እንደ ንብ እየተንቀጠቀጠ የሚበር። እምዬ በመስኮት ጮኸች፤ «ሞሸረ! ሞሸረ!»

በዚያው ሳምንት የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፦ ለመስቀል አካባቢያችንን እናጽዳ፤ ጫካው ይመንጠር።

ነዋሪዎቹ ክፉ አልነበሩም። ሣሩ ውስጥ ቆሻሻ ይጣላል። ትንኝ አለ። እባብ አየሁ ያለ ሰው አለ። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ማታ ደግሞ ሌባ ይደበቅበታል ብለው የሚፈሩ ሴቶች አሉ። እኔ ነዋሪ ስላልሆንኩ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስለ ወፍ ላባና ስለ ጋብቻ ወቅት የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ ጀመርኩት፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ። አንዱ «ወንድሜ፣ ለወፍ ብለን በእባብ እንነደፍ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ አልነበረኝም።

እምዬ ተነሣች።

«እኔ ስለ እባቡ አላውቅም» አለች። «ወፏ ግን አራስ ናት። ሣሩ ውስጥ ጎጆ ቀልሳ እንቁላሏን ታቅፋለች። የአራስ ቤት ይፈርሳል እንዴ?»

ማንም ስልኩን አላየም። እዚያ ስብሰባ ላይ የነበረው ሰው አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ቤቱን ትቶ፣ ዛፉን ትቶ፣ ጎረቤቱን ትቶ። የፈረሰ ቤት ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ለቤቶቹ የቀረበው ሣር ይታጨዳል፣ ቆሻሻው ይለቀማል። ከቦዩ ማዶ እስከ አጥሩ ያለው፣ ወርዱ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፣ እስከ ሕዳር ሲታጠን ይቆያል። ይህን ቀን ያመጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሕዳር 12፣ በ1911 ዓ.ም ያ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን ነው። «ጽዳት እንደሆነ የራሱ ቀን አለው» አሉ። ጫጩቶቹ እስከዚያ ይበራሉ ብዬ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

በ2018 መስቀል ቀን እዚያው ነበርኩ። ደመራው ከብሎኩ ፊት ለፊት፣ ወፉ ከብሎኩ ጀርባ። የታጨደው ወገን ላይ የነበሩት ጎጆዎች ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈለግኩም። ከቦዩ ማዶ ግን ሁለት ቢጫ ትከሻዎች ይጣሉ ነበር፤ ልጆች ቆመው ያያሉ። ሕዳር 12 ሣሩ ታጨደ፣ እንደ ቃሉ። ታኅሣሥ ላይ እምዬ ግርዷን ስትበትን ቡናማዎቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መጡ።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን ኮብልስቶን የማንጠፍ ሐሳብ እንዳለው ሰምቻለሁ። ያኔም ስብሰባ ይኖራል። እምዬ ግን እያረጀች ነው፤ ያኔ እኔ ልናገር ይሆናል፣ ስለ ላባ ሳይሆን ስለ አራስ።

ልጅ ሳለሁ ቄራ ሰማይ ላይ ጥንብ አንሳ እንደ ጭስ ሲዞር እናይ ነበር፤ ማንም ብርቅ ነው ብሎ አልነገረንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከነዚያ ውስጥ የተወሰኑትን ዝርያዎች ሊጠፉ በእጅጉ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። በየቀኑ የምናየው ነገር ሁሌም የሚኖር ይመስለናል። ወፍም ይሁን አያት።

ለማንኛውም፣ ባለፈው ቅዳሜ ሥራ በዝቶብኝ ስቀር ስልኬ ጮኸ።

«አቤት እምዬ!»

«አንተ የቁራ መልእክተኛ!»

ዘጋችው። አዲስ ስም አግኝቻለሁ። ታክሲ ልያዝ፣ ቸር እንሰንብት!